ተርቦና ማስተንፈሻው በጎጃም ዳገት

በ1898 ዓ.ም. ኅዳር ወር አልፍሬድ ቡኺ የተባለ የ26 ዓመት ስዊዛዊ መሐንዲስ አንድ የፈጠራ ሐሳብ አስመዘገበ። ሞተር ካቃጠለው ነዳጅ ብዙው ጉልበት ትኩስ ጭስ ሆኖ በማርሚታ በኩል ይባክናል። ቡኺ ይህ ጭስ ከመውጣቱ በፊት ተርባይን እንዲያሽከረክር፣ ተርባይኑም በዚያው ዘንግ ላይ የተሰካ የአየር መጭመቂያ እንዲያዞር፣ መጭመቂያውም ሞተሩን ከወትሮው የበለጠ አየር እንዲያጎርሰው አሰበ። ብዙ አየር የገባለት ሞተር ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል፤ አካሉ ሳይተልቅ ጉልበቱ ይጨምራል። ዛሬ ሹፌሩም መካኒኩም ተርቦ የሚለው ዕቃ መነሻው ይህ ነው።

ያን ጊዜ ጎጃም ውስጥ ሞተር የሚባል ነገር አልነበረም። ከባሶ ገበያ ወደ ሸዋ የሚሻገረው ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን በበቅሎና በአህያ ጭኖ የዓባይን በረሃ ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ ይወጣ ነበር። የዚያ ዳገት ነገር በኋላ ይመጣል። የቡኺ ሐሳብም ቢሆን ወዲያው አልሠራለትም፤ የዘመኑ ብረት ያን ሙቀትና ያን ፍጥነት አይችልም ነበር። እሱ ራሱ ወግ ያለው ውጤት ያገኘው ከ20 ዓመት በኋላ በትላልቅ የናፍታ ሞተሮች ላይ ነው።

ተርቦን ከወረቀት ያወጣው ከፍታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና ላይ አስሮ ኮሎራዶ ወዳለው የፓይክስ ፒክ ተራራ አወጣው። ቁመቱ 4,300 ሜትር ነው፤ ከእኛ ጮቄ ይበልጣል። በባሕር ወለል አካባቢ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ። ሞስ ተርቦውን ሲገጥምለት ግን 356 ሰጠ። ተራራው የነጠቀውን ተርቦው መለሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሩዶልፍ ሽሮደር የተባለ አሜሪካዊ አብራሪ ተርቦ በተገጠመለት አውሮፕላን ከ10,000 ሜትር በላይ ወጣ።

ማስተንፈሻው የግድ የሆነውም እዚሁ ላይ ነው። ተርቦ ራሱን በራሱ የሚያበረታ ዕቃ ነው። ጭሱ ሲበዛ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን አየር ይጨምራል፣ አየሩ ሲጨምር ጭሱ ይበዛል። ይህን ዙር የሚሰብር ነገር ካልተበጀለት አንድ ቦታ ላይ ፒስቶን ይቀልጣል፣ ወይም ቴስታታ ይሰነጠቃል፣ ወይም ተርቦው ራሱ ይበታተናል። በአውሮፕላኖቹ ላይ የተሠራው መፍትሔ በተርባይኑ መግቢያ ላይ የምትከፈትና የምትዘጋ በር ናት። በሯ ስትከፈት ጭሱ ተርባይኑን ሳይነካ በጎን ያመልጣል፤ ስትዘጋ ሁሉም ተርባይኑን ይመታል። ዛሬ ዌስትጌት የምትባለው ማስተንፈሻ እሷ ናት። ያን ጊዜ አብራሪው መሬት አጠገብ ሳለ ክፍት ያደርጋታል፣ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይዘጋታል። ትእዛዙ በሰው እጅ ነበር፤ የውጭው አየር ምን ያህል እንደሳሳ የሚያውቀው አብራሪው ነውና። ለጎጃም መንገድ ያለኝ ዋና ነጥብ ከዚህ ስለሚነሳ አንባቢ ይህን ይያዝልኝ።

በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ሲገባ የጭነት መኪኖቹን ይዞ ገባ። ሰው ትሬንታ ኳትሮ ብሎ የሚጠራው ፊያት 634 ከነዚህ አንዱ ነበር፤ ከ8 ሊትር በላይ የሆነ የናፍታ ሞተር እንጂ ተርቦ የለውም። በየካቲት 1933 ዓ.ም. በእንግሊዞች የሚመራው የጌዴዎን ጦር ቡሬ ላይ ጣሊያንን ሲገጥም ግን ጓዙን ከሱዳን የተሸከመለት ግመል ነበር፤ ግመሎቹ ከቆላው ወደ ደጋው ሲወጡ አብዛኞቹ መንገድ ላይ አለቁ። ከነጻነት በኋላ በ1940 ዓ.ም. አካባቢ የዓባይ በረሃ ድልድይ ተሠራ፣ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፣ ከዚያም የኤን ትሬ ዘመን መጣ።

ኤን ትሬ፣ ማለት ፊያት 682፣ ከ10 ሊትር በላይ የሆነ ሞተር ይዞ ጉልበቱ 200 ፈረስ ገደማ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው አየር ሰማዩ የሰጠውን ያህል ብቻ ነው። በባሕር ወለል የአየሩ ግፊት 1 ባር ያህል ቢሆን ዓባይ ድልድይ ላይ 0.89 ገደማ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ 0.8፣ ደጀንና ጎሃ ጽዮን ላይ ደግሞ 0.75 ይሆናል። ስለዚህ ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለው ዳገት ሁለት ጊዜ ይቀጣል። መንገዱ ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወስዳል፤ ሞተሩም በወጣ ቁጥር ይደክማል፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ ባሕር ዳርቻ ላይ ያገኝ ከነበረው አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ ጎድሎበታል። ሹፌሩ በአንደኛ ማርሽ ይጎተታል። ረዳቱ ታኮ ይዞ በኋላ ጎማ ጎን በእግሩ ይከተላል፤ ሞተሩ ከጠፋ ወይም መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ከጀመረ ታኮውን ከጎማው ሥር ይወረውራል። በዚያ መንገድ የሠሩ ረዳቶች ጀግንነት በአግባቡ የተጻፈ አይመስለኝም።

ያ ሁሉ ሲሆን በሌላው ዓለም ተርቦ ከአውሮፕላን ወደ አውቶሞቢል መውረድ ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ጄኔራል ሞተርስ ሁለት መኪኖች አወጣ። አንደኛው፣ ኮርቬር፣ ዌስትጌት አልነበረውም፤ ጭስ ማውጫው ጠበብ ተደርጎ ጥበቱ ራሱ ተርቦውን እንዲይዝ ተተወ። ሁለተኛው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ነው። እሱ ላይ በሯ ተገጠመች፤ አሁን ግን ትእዛዙን የሚሰጠው ሰው ሳይሆን ሞላ ነበር። ከመጭመቂያው የሚወጣው አየር በቀጭን ቱቦ መጥቶ ሽፋን ይገፋል፣ ሽፋኑን ከኋላ ሞላ ይደግፈዋል። ግፊቱ ከሞላው ሲበልጥ ከሽፋኑ ጋር የተያያዘው ዘንግ ይንቀሳቀሳል፣ በሯም ትከፈታለች። የጄትፋየር ሞላ የሚፈቅደው 0.35 ባር ያህል ነበር። ነዳጁ ያለ ጊዜው እንዳይፈነዳ ውሃና ሜታኖል የተቀላቀለ ፈሳሽ ይረጭለታል። ባለቤቶቹ ፈሳሹን መሙላት እየረሱ አስቸገሩ፣ መኪናውም በሁለት ዓመት ቆመ። የሞላውና የሽፋኑ አሠራር ግን ሳይለወጥ ቀረ፤ ዛሬ ቡሬ ላይ ቦኔት ከፍቶ ተርቦ የሚያይ ሰው የሚያገኘው ያንኑ ቆርቆሮ ቆብ የመሰለ ነገር ከዘንጉ ጋር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1977 የስዊድኑ ሳዓብ በፍራንክፈርት ትርዒት ተርቦ ያለው 99 የተባለ መኪናውን አሳየ። ከሥራው ጀርባ የነበረው መሐንዲስ ፔር ጊልብራንድ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ትልቅ ተርቦ እየመረጡ ከፍተኛ ፍጥነት ላይ ብቻ የሚሠራ መኪና ያወጡ ነበር። ሳዓብ ትንሽ ተርቦ መረጠ። ትንሹ ቶሎ ይነሳል፣ ገና በዝቅተኛ ዙር አየር ይሰጣል፤ ዙሩ ሲጨምር የሚተርፈውን ዌስትጌት ታስወጣዋለች። ባለ 2 ሊትሩ ሞተር 145 ፈረስ አወጣ። ማስተንፈሻዋ ከአደጋ መከላከያነት አልፋ የሞተሩን ጠባይ መቅረጫ የሆነችው በዚህ ምርጫ ነው። እኔ ከቡኺ ቀጥሎ በዚህ ታሪክ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ የሳዓብ ምርጫ ነው።

ቤንዚን ሞተር ግን ሌላ ጣጣ አለበት። አየሩን የሚቆጣጠር ምላስ መግቢያው ላይ አለ። ሹፌሩ ማርሽ ሊቀይር ወይም ፍሬን ሊይዝ እግሩን ሲያነሳ ያ ምላስ ይዘጋል፤ ተርቦው ግን በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ እየተሽከረከረ ስለሆነ አየር መግፋቱን አያቆምም። አየሩ ከተዘጋው ምላስ ጋር ተጋጭቶ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የመጭመቂያውን ምላጮች ይደበድባል፣ ይንተከተካል። መንተክተኩ ሲደጋገም ዘንጉ የተቀመጠበት ቡሽ ይበላል። ለዚህ የተበጀው ሁለተኛው ማስተንፈሻ ነው፤ ብሎው ኦፍ ይሉታል። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው። ዌስትጌት በጭሱ በኩል፣ በትኩሱ ወገን ተቀምጣ ተርቦው ከልክ እንዳያልፍ ትይዛለች። ብሎው ኦፍ በአየሩ በኩል፣ በቀዝቃዛው ወገን ተቀምጦ እግር በተነሳ ቅጽበት የታጎረውን አየር ያስወጣል። ናፍታ ሞተር እንዲህ የሚዘጋ ምላስ በተለምዶ ስለሌለው ይህ ሁለተኛው አያስፈልገውም። ሲኖትራክ የሚባለው ከባድ መኪና ሲቆም «ጭስስ» የሚል ድምፅ የምንሰማው የአየር ፍሬኑን ነው፣ ከተርቦው ጋር አይገናኝም።

ማስተንፈሻ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ በውድድር ሜዳ ላይ ብዙ ገንዘብና ብዙ ጭቅጭቅ አስከትሏል። እ.ኤ.አ. በ1987 ፎርሙላ አንድ ተርቦ ያላቸው ሞተሮች ሁሉ የአየሩ ግፊት ከ4 ባር በላይ ሲሆን የሚከፈት ቫልቭ እንዲገጥሙ አስገደደ፤ በ1988 ወደ 2.5 ባር አወረደው፣ በቀጣዩ ዓመት ተርቦን ጭራሽ ከለከለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ በአሜሪካ፣ ካርት በተባለው የመኪና ውድድር ላይ፣ በዲትሮይቱ ግጥሚያ ሰሞን ስለዚሁ ቫልቭ ትልቅ ክርክር ተነሳ። ቫልቩ የሚያውቀው አፉ ላይ የሚሰማውን ግፊት ብቻ ነው። አየር በአፉ አጠገብ በፍጥነት እንዲያልፍ ተደርጎ ከተሠራ እዚያ ነጥብ ላይ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ቫልቩ ገና ነው ብሎ ተዘግቶ ይቆያል፣ ሲሊንደሮቹ ግን ከተፈቀደው በላይ ይጎርሳሉ። አዘጋጆቹ በቫልቩና በአየር ማጠራቀሚያው መካከል ማራቂያ ቀለበት እንዲገባ አዘዙ፤ ሆንዳም ትእዛዙን ተቃወመ። ከዚያ ክርክር ለእኛ ጋራዥ የሚተርፍ ትምህርት አለ። ቫልቭ በጠባብና በታጠፈ ቱቦ ላይ፣ አየሩ በሚጣደፍበት ቦታ ከተበየደ የሚለካው የተሳሳተ ነው። ሰፋ ያለና ቀጥ ያለ ቦታ ይፈልጋል።

ወደ ጎጃም እንመለስ። በአዲስ አበባ ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ የፊያት፣ በኋላም የኢቬኮ መኪኖችን የሚገጣጥመው አምቼ ፋብሪካ ቆየት ብሎ ተርቦ ያላቸውን አወጣ፤ አይሱዙ ተከተለ። ከሁሉም በላይ መንገዱን የሞላው ግን ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው ሲኖትራክ ነው። ሞተሩ ከኦስትሪያው ሽታየር የወረደ ባለ 9.7 ሊትር ነው፤ ከኤን ትሬ ያንሳል፤ ተርቦ ስላለው ግን 371 ፈረስ ያወጣል። በጳጉሜ 2000 ዓ.ም. በጃፓን እርዳታ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመረቀ። ቡሬ ላይ የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. ሲመረቅ ጭነቱ ይበልጥ ከበደ። ማዳበሪያ ከጅቡቲ ወደ ጃቢ ጠህናንና ወደ ወንበርማ ይወጣል፣ በቆሎ፣ በርበሬና ዘይት ወደ ታች ይወርዳል።

አሁን ያን ጉዞ በዌስትጌት ዓይን እንየው። ሞላዋ 1 ባር ላይ እንድትከፍት ተመርጧል እንበል። በሽፋኑ አንደኛ ፊት የተርቦው አየር፣ በሌላኛው ፊት የውጭው አየር አለ፤ ስለዚህ የምታውቀው ልዩነቱን ብቻ ነው። ጅቡቲ ላይ የውጭው 1፣ የተርቦው ጭማሪ 1፣ ሞተሩ የሚጎርሰው 2 ባር ይሆናል። መኪናው ደጀን ሲደርስ የውጭው 0.75 ስለሆነ ሞተሩ የሚጎርሰው 1.75 ነው። እዚህ ድረስ ሰው የሚገምተው ነው። የማይገመተው ተርቦው ያለበት ሁኔታ ነው። ጅቡቲ ላይ አየሩን እጥፍ ያደርግ ነበር፤ ደጀን ላይ 0.75ን ወደ 1.75 ሲያደርስ 2.3 እጥፍ እያደረገው ነው። የሚሰጠው አየር ቀነሰ፣ የሚሽከረከርበት ፍጥነት ግን ጨመረ። ሞተሩ ሲደክም ተርቦው ይበልጥ እየለፋ ነው ማለት ነው።

ሹፌሩ የሚሰማው ድካሙን ብቻ ነው። ጋራዥ ገብቶ መኪናው ዳገት ላይ ሰነፈብኝ ይላል። ልምድ ያለው ሰው ፊልትሮውን፣ ኖዝሉን፣ ቱቦዎቹን ያያል። ችኩሉ ግን የዌስትጌቷን ዘንግ ነት ፈትቶ ያሳጥረዋል። ሞላው ይጠብቃል፣ በሯ ዘግይታ ትከፈታለች፣ መኪናውም በእርግጥ ይነቃል። ደጀን ላይ 2 ባር ለማግኘት ጭማሪው 1.25 ይሆናል፤ ተርቦው አየሩን 2.7 እጥፍ ሊያደርግ ይገደዳል። ከመጭመቂያው የሚወጣው አየር ከወትሮው 20 ዲግሪ ያህል ይበልጥ ይግላል፣ የተርቦው ዘንግ ከተሠራበት ልክ በላይ ይፈጥናል። ያው መኪና ከሳምንት በኋላ ማዳበሪያ ሊጭን ጅቡቲ ሲወርድ ደግሞ የዌስትጌቷ ዘንግ እንዳጠረ ነው፤ የውጭው አየር 1 ባር ላይ 1.25 ተጨምሮ 2.25 ይጎርሳል። ጓርኒሲዮኑ የሚተፋው ያኔ ነው፤ ያውም በረሃ ላይ፣ ዕቃ ከማይገኝበት። የጥንቱ አብራሪ በከፍታው መጠን በሯን በእጁ ይከፍትና ይዘጋ ነበር። ነት የሚያስረው ሰው ግን አንድ ከፍታ ላይ ቆሞ ለሁሉም ከፍታ ይወስናል። አዳዲሶቹ ሞተሮች የውጭውን አየር የሚለካ ሴንሰርና የሚያዝዝ ኮምፒውተር ስላላቸው ይህን ሒሳብ ራሳቸው ይሠሩታል፤ በመንገዱ ላይ የሚበዙት ግን ገና ባለ ሞላዎቹ ናቸው።

በቤንዚን መኪኖች በኩል የፍኖተ ሰላም ከፍታ ሌላ ነገር ይለውጣል። ብሎው ኦፍ የሚከፈተው ከምላሱ በኋላ ባለው ማኒፎልድ ውስጥ በሚፈጠር መሳብ ነው። ባሕር ዳር ማለቴ ሳይሆን ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ፣ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ መሳቡ 0.65 ባር ያህል ይደርሳል። ፍኖተ ሰላም ላይ የውጭው አየር ራሱ በ0.2 ስላነሰ መሳቡ 0.45 ገደማ ነው። ከውጭ በካታሎግ የተመረጠ ጠንካራ ሞላ ያለው ቫልቭ እዚህ በቂ መሳብ አያገኝም፤ ዘግይቶ ይከፈታል ወይም በግማሽ ይከፈታል፣ እግር ሲነሳ ቱርርር የሚል ድምፅ ይሰማል። ያ ድምፅ ጎበዞች እንደሚያስቡት የጉልበት ምልክት አይደለም፣ ምላጮቹ እየተመቱ ነው። ስለዚህ ሞላው መመረጥ ያለበት መኪናው በሚኖርበት ከተማ፣ ሞተሩ ሞቆ ቆሞ ሲሠራ በጌጅ በተለካ መሳብ ነው። ቫልቩ ከአየር ማቀዝቀዣው በኋላ፣ ወደ ምላሱ ቀረብ ብሎ ይቀመጥ። የመሳቢያ ቱቦው አጭር ይሁን፣ ከሌላ ነገር ጋር አይጋራ።

የሚወጣው አየር ወዴት ይሂድ የሚለውም በእኛ መንገድ መልሱ አንድ ነው፤ ወደ ተርቦው መግቢያ ይመለስ። የአየር መለኪያ ሴንሰር ያለበት መኪና ላይ የተለካውን አየር ውጭ መልቀቅ ኮምፒውተሩን ያሳስታል፣ ለሌለ አየር ነዳጅ ያስረጫል፣ ካንዴላ ያጠቁራል። ሴንሰሩ ባይኖርም አቧራው አለ። ለስላሳ ሞላ ያለው ቫልቭ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ትንሽ ክፍት ሊሆን ይችላል፤ አፉ ወደ ውጭ ከሆነ በዚያች ክፍተት ፊልትሮ ያልነካው አየር ይገባል። በበጋ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው የወንበርማ መንገድ የሄደ ሰው ያ አየር ምን እንደሚመስል ያውቃል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አሁን ባሉት ቤንዚን መኪኖች ቦታ በቀላሉ ሌላ አይተካም፤ እነሱው ከዚህ በኋላ ረጅም ዓመት ሊጠገኑ ነው። የከባድ መኪናም ተርቦ ዋጋው ለአንድ ባለንብረት ቀላል አይደለም። በመሆኑም የዌስትጌቷ ዘንግ ከመነካቱ በፊት ምርመራው ይቅደም እላለሁ፤ ከባድም አይደለም። መጀመሪያ ከመጭመቂያው ወደ ዌስትጌቷ ቆብ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ይታይ። ተሰንጥቆ ወይም ወልቆ ከሆነ በሯ ትእዛዝ አይደርሳትም፤ ጭራሽ አትከፈትም። ከዚያ ከጎሚስታው ኮምፕረሰር በመቀነሻና በጌጅ በኩል ወደ ቆቡ አየር ይሰጥ። ለጎማ የሚሰጠው 8 ባር በቀጥታ ከገባ ሽፋኑን ይቀደዋል፤ ከዜሮ ተነስቶ ቀስ እያለ ይጨመር። ዘንጉ መንቀሳቀስ የጀመረበት ቁጥር ይጻፍ፣ አየሩ ተዘግቶም ጌጁ ለአንድ ደቂቃ ይጠበቅ፤ እየወረደ ከሄደ ሽፋኑ ተቀድዷል። ቆቡ የሚያውቀው ልዩነትን ስለሆነ በፋብሪካው መጽሐፍ ላይ 1 ባር የተባለው ሞላ ጅቡቲም፣ ደጀንም፣ ፍኖተ ሰላምም በጌጁ ላይ ያው 1 ባር ላይ መነሳት አለበት። ከተነሳ ዌስትጌቷ ደህና ናት፤ የድካሙ ምክንያት ሌላ ቦታ ይፈለግ፣ ነቱም እንደታሰረ ይቆይ።